ሙቀት ለእንግዳ

ኖቬምበር 12

ይህን ደብተር የያዝኩት የሙቀት ዲግሪ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ወሬ አልጽፍበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለፊዚክስ ተማሪዎቼ "ያልለካችሁትን አታውሩ" ስል ኖሬ፣ አሁን በገዛ ቤቴ ስንት እንደሆነ የማላውቀውን ብርድ ሳማርር ራሴን ያዝኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት። የእማማ ክፍል 13። የእኔና የባሌ ክፍል 12። የእንግዳው ክፍል 8። ግቢው 3።

ሐኪሙ ያለው 18 ነው። የእማማ ኢኖያት ሳንባ ከዚያ በታች ሌላ የብርድ ወራት አይችልም አለ። እማማ የባሌ እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ነው፣ ምላሳቸው ግን የሃያ ዓመት ነው። ፍም ደግሞ ጨርሶ ወደ ክፍላቸው እንዳይገባ አለ ሐኪሙ። ይህን ሲል ወደ እኔ የተመለከተ መሰለኝ። ባለፈው ፌብሩዋሪ የሆነውን እዚህ አልጽፍም፤ ወሬ አልጽፍም ብያለሁ።

ቶሊብ አካ ከታሽከንት ደወሉ። የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ "አካ" የምንላቸውም ለዚያ ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ ቤታቸው ራዲያተር አለው፣ ስለ ራዲያተሩ ሳያወሩ ስልክ የዘጉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ማቭጁዳ፣ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ እናቴ የምትተኛበት ክፍል አሥራ ስምንት ካልገባ መጥቼ እወስዳታለሁ። እስከ ማርቹ የናቭሩዝ በዓል እኛ ጋ ትከርማለች" አሉኝ። እንደ ዳኛ ነው የሚናገሩት።

ይውሰዷቸው። እኔም ላርፍ። ሠላሳ አራት ዓመት ሻይሽ ቀጠነ፣ ሊጥሽ ላላ ስባል ኖሬአለሁ፤ ሁለት ወር ባርፍ ምን አለበት።

የእማማን በር ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ማጠፊያው ጠሟል፣ አይዘጋም።

ኖቬምበር 16፣ በመምህራን ክፍል

እማማ 12። እኛ 11። የጋዝ ምድጃው ነበልባል የጣት ጥፍር ያክላል። ተማሪዎቹ ጃኬት ሳያወልቁ ነው የሚቀመጡት። ደወል።

ኖቬምበር 21

እማማ 12።

ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ስብሰባ ነበር። እሳቸው ስለ ፈተና ሲናገሩ እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጭ ሳጥን ሳይ ነበር። ክፍሉ ይሞቃል። ሁላችንም ኮንዲሽነር እንለዋለን፣ ለጁላይ ሐሩር የተፈጠረ ይመስለናል፤ ሪሞቱ ላይ ፀሐይ የተሳለበት ቁልፍ ሲጫን ግን ወደ ኋላ ይሠራል። ሙቀት አይፈጥርም፣ ከአንዱ ቦታ አንስቶ ወደ ሌላው ይሸከማል። ከውጭው ብርድ ውስጥ እንኳ ሙቀት ይለቅማል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ስስል ኖሬ አንድም ቀን ስለ እማማ ክፍል አላሰብኩም። "አንቺ ደንቆሮ" አልኩ ራሴን። ድምፄ ወጥቶ ኖሮ የኬሚስትሪው መምህር ዞር ብሎ አየኝ።

ቤት ስገባ አንድ እንግዛ ብዬ ነገርኳቸው። እማማ ዳቦውን እየቆረሱ ሰሙኝና፣ "ብርዱ አንሶኝ ነው ብርድ የምትገዢልኝ?" አሉ።

ባሌ ቆቢል እንደ ልማዱ "እናያለን" አለ። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ከመኪናዎቹ ጋር ከእኔ የበለጠ ያወራል። በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፣ በደብተሬ ግን "እሱ" ነው፣ ማንም አያነበውም።

ጎረቤቴ ሶጂዳ ወሬውን በምን ፍጥነት እንደሰማች አላህ ይወቅ። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ማቭጁዳ እህቴ፣ በረዶ ሲመጣ ማቀዝቀዣ ልታስገቢ ነው አሉ። ለጁላይ ደግሞ ምድጃ አስገቢ" አለችኝ።

"አንቺም ያኔ መጥተሽ ትሞቂያለሽ" አልኳት። የተሻለ መልስ የመጣልኝ ወጥ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፣ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።

ኖቬምበር 28

እማማ 11። በሩን ቆቢል ዘግቶት አገኘሁና መልሼ ከፈትኩት። አየር ያስፈልጋል።

ኡስታ ሐምዳም መጣ። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በመግጠም በከተማችን በቆቃንድ ስሙ የታወቀ ባለሙያ ነው። ገበያ ላይ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ግድግዳዎቻችንን በጣቱ እያንኳኳ ቤቱን ዞረ።

"ጭቃ ነው። ስንት ሳንቲ ይሆናል?"

"ሰባ።"

"ጥሩ። ጭቃ ቶሎ አይሞቅም፣ አንዴ ከሞቀ ግን አይለቅም።" የኤሌክትሪክ መለኪያውን ሶኬት ውስጥ ሰካ። "መቶ ሰማንያ አራት ቮልት። ብርዱ ሲጠና ከዚህ ይወርዳል፣ ቮልቱን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ሳትፈልጉ አትቀሩም። የውጭውን አካል ከወይን ሐረጉ ሥር በብረት እግር አቆመዋለሁ፣ በረዶ እንዳይቀብረው ከፍ አድርጌ። ከሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ቦዩ ይሄዳል። አያችሁ፣ ስፕሊት የሚባለው ለዚህ ነው፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ፣ መሐላቸው ቀጭን ቱቦ። ጣሪያ አፍርሶ ትልልቅ የአየር ቱቦ መዘርጋት የለም። ለአሮጌ ቤት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።"

"እንግዲያው ይሆነናል ማለት ነው" አልኩ።

"ለቤቱ ይሆናል። ግን የሚያሞቀው አንድ ክፍል ነው፣ ሁለተኛውን ግድግዳ አያልፍም። የት ይሁን?"

እማማ ከኋላችን መለሱ። "የእንግዳው ክፍል ነዋ።"

"ማን ይተኛበታል?" አለ ኡስታ ሐምዳም።

የእንግዳው ክፍል ሰባት ሜትር በአምስት ነው፣ ጣሪያው አራት ሜትር፣ የባሌ አያት ያሳሉት አበባ አለበት። በግድግዳው መደርደሪያ ማንም ያልጠጣባቸው የሻይ ፒያላዎች ተደርድረዋል። አርባ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ እስከ ላይ ተከምሯል፤ በዚህ ብርድ እንኳ አንዱን አውርደን አልለበስንም፣ የእንግዳ ነውና። በዚህ ቤት አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የእንግዳ ነው። አዲስ ሳህን፣ አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ ምንጣፍ። እኛ የምናገኘው ሲያረጅ ነው። በከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው፣ አዲስ ዕቃ መኝታ ክፍል የሰቀለ ሰው እንደ ቋጣሪ ነው የሚታየው።

"ሁላችንም እንተኛበታለን" አልኩ።

ዋሸሁ። ያልለካሁትን አወራሁ። ኡስታ ሐምዳም አንዴ አየኝና ጫማውን አደረገ።

ዲሴምበር 5

ተገጠመ። ሞቀ። ሪሞቱን እኔ ጫንኩት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፣ ከዚያ ክንፉ ቀስ ብሎ ተከፈተና ሞቅ ያለ አየር ፊቴን ነካኝ። ሳቅሁ። ቆቢልም እጁን ዘርግቶ ቆመ። እማማ "ድምፁ የድመት ነው" አሉ፣ ይህ ከእሳቸው ትልቅ ምስጋና ነው።

ዲሴምበር 8

የእንግዳው ክፍል 16። እማማ 10።

ሶጂዳ ሦስት ሴቶች አስከትላ ልታይ መጣች። ካፖርታቸውን አውልቀው እስከ ከሰዓት ተቀመጡ። እማማ በበሩ በኩል ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለው "ማቀዝቀዣ ነው፣ ግን ያሞቃል" እያሉ ለእያንዳንዷ አስረዱ። አራት ማንቆርቆሪያ ሻይ አመላለስኩ። ሴቶቹ ሞቀው ሄዱ። እማማ ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ፣ ወደ አሥሩ ዲግሪ።

ዲሴምበር 13

የእንግዳው 14። እማማ 10።

ለምን እንደወረደ ገባኝ። እማማ ከሰው ነፃ በሆነ ቁጥር ያጠፉታል። "ይረፍ እንጂ፣ እሱም ይደክማል" አሉኝ። እማማ፣ አይደክምም፣ ያለማቋረጥ ሲሠራ ነው የሚሻለው፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲነሣ ነው የሚለፋው ብል፣ "አንቺም እንደዚያ ትያለሽ፣ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አይቼሻለሁ" አሉ።

ዲሴምበር 19

መሰላል አውጥቼ ቴርሞሜትሩን ከጣሪያው አበባ ሥር ያዝኩ። 23። ወለሉ ላይ 13።

ለሁለት ሳምንት ሥዕል ሳሞቅ ኖሬአለሁ።

ቆቢል መሰላሉን ይዞልኝ ነበር። "እንግዲህ ጣሪያው ላይ ነው መተኛት" አለ። በሦስት ቀን ውስጥ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፣ እሱም በእኔ ላይ ለመቀለድ።

አሰላሁት። የእንግዳው ክፍል መቶ አርባ ሜትር ኩብ። የእማማ ክፍል ሠላሳ። ይህን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያሰላዋል። እኔ ግን አላሰላሁም፣ ምክንያቱም ካሰላሁ ኮንዲሽነሩን ከእንግዳ ነጥቄ ለእኛ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ሰው ምን ይላል ብዬ አንዲት አሮጊት በአሥር ዲግሪ አስተኛሁ። ንዴቴ በሌላ በማንም ላይ አይደለም።

ዲሴምበር 25

እማማ 10። ሌሊቱን ሳሉ።

ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሯቸው ስለደከመ ይጮኻሉ፣ ላለመስማት ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። ቶሊብ አካ የባለፈውን ፌብሩዋሪ ነገር አንሥተው ኖሮ፣ "በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ" ይላሉ እማማ። "ስንቴ ልንገርህ። እግር እንዲያሞቅ ፍሙ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፣ ብርድ ገባብኝና ተነሥቼ ዘጋሁት። ሰውን ለቀቅ አድርግ።"

እማማ ያን ቀን ከአልጋ አልተነሡም። ጉልበታቸው ተይዞ ነበር፣ ሁለት ሰው ደግፎ ነበር ወደ ውጭ የሚያወጣቸው።

ሳህኖቹን አጠብኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ እንደዚያው ተውኩት።

ጃንዋሪ 3

ግቢው −14። ጋዙ ጠፋ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እማማ 7። ሰባት።

ጧት በእግሬ ቆሜ ነገሩን ወሰንኩ። "እማማ፣ ዛሬ አልጋዎን የእንግዳው ክፍል እናስገባለን፣ መጋረጃ ጋርደን ከመሣሪያው ሥር ይተኛሉ" አልኳቸው።

"አልገባም።"

"ለምን?"

"በዚያ ክፍል የሚተኛ እንግዳ ነው። ስድሳ ዓመት የያዝኩት ቤት ውስጥ እንግዳ ልታደርጊኝ ነው? እንግዳ ደግሞ ይሸኛል። ቶሊብ መጥቶ ይሸኘኛል፣ እንዳሰበው።" ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። እጃቸው ሰማያዊ ነበር።

የእሳቸውን ያህል ግትር ሰው አላየሁም፣ ምናልባት ከእኔ በቀር። "እሺ" አልኩ። "እርስዎ ወደ እሱ ካልሄዱ እሱ ወደ እርስዎ ይመጣል።"

"የእንግዳውን ዕቃ?"

"የእንግዳውን ዕቃ።"

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። "ሶጂዳ ምን ትላለች?" አሉ።

"እኛ ጋ ስትሞቅ እነግራታለሁ።"

ሳቁ። ከዚያ ሳሉ። ወዲያው ኡስታ ሐምዳም ዘንድ ደወልኩ።

ጃንዋሪ 6

ኡስታ ሐምዳም ገና በሩ ላይ ሳለ፣ "ዋሽቼህ ነበር፣ ማንም አይተኛበትም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "በዚህ ከተማ መቶ ሰባ መሣሪያ ገጥሜአለሁ። መቶ ስድሳው ማንም የማይተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከር ነበር። አሁን እገጥምና ስልክ እጠብቃለሁ።"

ሰባ ሳንቲ ጭቃ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ቢበሳ ይናዳል አለ። አፉ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣለት የውሃ ቱቦ አመጣ፤ ግድግዳውን በትንሽ በትንሹ እያራሰ ቱቦውን በእጁ እያዞረ ገባ። እኔ ውሃ አቀበልኩ፣ ቆቢል ሲደክመው ተካው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጭቃው ሲወጣ ውስጡ የገለባ ስብርባሪ ነበር፣ የመቶ ዓመት ገለባ፣ ወርቃማነቱ አልጠፋም። እማማ አንዷን አንሥተው አሸተቱና ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ።

የእኛንም ፍራሽ እማማ ክፍል አስገባን። ከአርባው ብርድ ልብስ ስድስቱን አወረድኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ጃንዋሪ 7

እማማ 16! ውጭው −12 ሆኖ 16።

ወደ ግቢ ወጥቼ ከወይኑ ሥር ከቆመው የውጭ አካል ፊት ቆምኩ። ከብርድም የባሰ ብርድ እየተፋ ነበር፣ ሙቀቱን ለቅሞ ለእማማ ልኮት። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ አለቀስኩም፣ እንባው ጉንጬ ላይ ሊረጋ ደረሰ።

ጃንዋሪ 9

እማማ 17። ሳላቸው ቀነሰ። ሌሊት የቆቢልን ማንኮራፋት እየሰሙ "ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ችለሽ ኖርሽ?" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘኑልኝ።

ኡስታ ሐምዳም ሊያይ መጣና በሩን በእግሩ ገፋ አደረገው። "እዚህ ጋ ነው አንዷ ዲግሪ የምትወጣው። ዝጉት።" ማጠፊያው ጠሟል አልኩት። ቆቢል መፍቻውን ይዞ ተነሣ፣ በሩን አንዴ ከፍቶ አንዴ ዘግቶ ሞከረው። "ማጠፊያው ደህና ነው" አለ።

ኡስታ ከሄደ በኋላ ለመዝጋት ሞከርኩ። እዚያ ክፍል ፍም የለም። ነበልባል የለም። የሚቃጠል ነገር ከሌለ ጭስ እንደማይኖር ለልጆች አስተምራለሁ። እማማ ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፣ እጄም እጀታው ላይ ነበር። ከዚያ ወጥ ቤት ሥራ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

ጃንዋሪ 10

ቮልቱ 155። ኮንዲሽነሩ ቆመ። አይነሣም። እማማ 17፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 16፣ ከዚያ 15። ግድግዳው የያዘውን ነው የምንለብሰው። ቶሊብ አካ ሊመጡ አራት ቀን።

ቆይቶ። ቆቢል ሳይናገር ወጣና በጋሪ ተመለሰ። ያመጣው የሥራ ቦታውን ስታብላይዘር ነው፣ የጥልፍ መኪናዎቹ የሚሠሩበት፣ ከዓይኑ የማይለየው። ሰካው። ሦስት ደቂቃ ጠበቅን። ክንፉ ተከፈተ።

"አየን" አለ።

የስፌት መኪና ጠጋኝ ያገባሁበትን ምክንያት ረስቼው ነበር፣ ዛሬ ትዝ አለኝ።

ጃንዋሪ 13

እማማ 17። ያው 17። ነገ ይመጣሉ። ሪሞቱ 24 ላይ ነው፣ ፍራሹን ከመስኮቱ ሥር ደገፍኩ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ደፈንኩ፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል። እንግዲህ ይውሰዷቸው። አርፋለሁ ብዬ የለ። ሻይ ለማን እንደማቀጥን አላውቅም።

ጃንዋሪ 14

በሥርዓት ልጻፈው፣ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

ቶሊብ አካ ከእኩለ ቀን በፊት ደረሱ፣ ሚስታቸው ሐፊዛ ከኋላ። መኪናውን ሳያጠፉ፣ የፀጉር ቆባቸውን ሳያወልቁ፣ የእማማ መጠቅለያ ብርድ ልብስ ክንዳቸው ላይ። እንደ ወጉ በቀጥታ የእንግዳውን ክፍል ከፈቱና ደፉ ላይ ቆሙ። ክፍሉ 2 ዲግሪ ነበር። ኮንዲሽነሩ የነበረበት ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፣ የብርድ ልብሱ ክምር ጎድሏል።

"ምን ሆናችሁ? መሣሪያው የት ሄደ?" አሉኝ።

ሳልመልስ የእማማ ድምፅ ገርበብ ካለው በራቸው መጣ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ እማዬ፣ ቶሊብ።"

"እንግዳ ነህ ወይስ ልጅ?"

"ምን?"

"እንግዳ ከሆንክ ክፍሉ ተከፍቶልሃል፣ ማቭጁዳ ሻይ ታመጣልሃለች። ልጅ ከሆንክ ጫማህን አውልቅና ወደዚህ ግባ።"

ቶሊብ አካ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ሰው ሲያያቸው ይነሣል። የአበባውን ጣሪያ አዩ፣ ትንፋሻቸው ነጭ ሆኖ ሲወጣ አዩ። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ገመድ ፈቱ።

"ልጅ ነኝ" አሉ።

ገቡ። ሐፊዛ ኮንዲሽነሩን ስታይ እጆቿን ዘርግታ ከሥሩ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሰላምታም አልሰጠችን። ቶሊብ አካ ግን ወደ ቴርሞሜትሩ ነው የሄዱት። መነጽራቸውን አደረጉ።

"አሥራ ሰባት" አሉ። "አሥራ ስምንት ነው የተባባልነው። ማቭጁዳ፣ እንደለፋሽ አይቻለሁ፣ ግን ሐኪም ያለው ሐኪም ያለው ነው። እናቴን እወስዳለሁ።"

"ወዴት?" አለች ሐፊዛ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ቤታችን ከሰኞ ጀምሮ ዘጠኝ ነው።"

"አሥር ነው" አሉ ቶሊብ አካ።

እኔ ትሪውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። "ራዲያተሩ እንዴት ነው አካ?" አልኳቸው።

ጆሯቸው ቀላ። "ይሠራሉ፣ ይጠግኑታል፣ የጥቂት ቀን ነገር ነው" አሉ። "ቢያንስ እኛ ጋ ፍም አይነድም። በር ተዘግቶ እናቴን በፍም ጭስ አፍኖ..."

"በሩን የዘጋሁት እኔ..." ብለው ጀመሩ እማማ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ያን ቀን በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይገባባቸው ብዬ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ አውቅ ነበር፣ ለአንድ ደቂቃ ብዬ ዘጋሁትና ረሳሁት። እማማ ዓመት ሙሉ እየዋሹልኝ ነው።"

ቆቢል መጥቶ ትሪውን ተቀበለኝ። የሚያውቅ ነበር፤ ከፊቱ አየሁት፣ ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ምናልባት ከቶሊብ አካ በቀር።

እማማ አልቆጡም፣ አላለቀሱም። ሻይሽ ቀጠነ ሲሉኝ በሚያዩኝ ዓይን አዩኝ።

"ማን ጠየቀሽ" አሉ። "ደግሞ ምን በር ላይ ይገትርሻል፣ እንግዳ ነሽ እንዴ? ግቢና ዝጊው። ሙቀቱ እየወጣ ነው።"

"እማማ..."

"ፍም የለበትም ብለሽ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። ሁለት ወር ሙሉ አስረዳሽኝ። እኔ አምኜሻለሁ። ዝጊው፣ ማቭጁዳ።"

ገባሁ። እጀታውን ያዝኩ። ዘጋሁት። ማጠፊያው ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን፣ አምስት ሰው በአንዲት ትንሽ ክፍል ጉልበት ለጉልበት፣ እኔ ከእማማ አጠገብ፣ በሩን ማየት በምችልበት በኩል። ዳቦ ተቆረሰ። ሐፊዛ ካፖርቷን አወለቀች። ቶሊብ አካ በየመሐሉ ቴርሞሜትሩን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፣ እኔም አያለሁ፣ ዓይናችን እዚያ ሲገናኝ ሁለታችንም ወደ ሻያችን እንመለሳለን። ሁለተኛው ማንቆርቆሪያ ሳያልቅ ቶሊብ አካ የፀጉር ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ መነጽራቸውንም አደረጉ።

"አሥራ ስምንት" አሉ። ድምፃቸው የዳኛ አልነበረም።

እማማ ፒያላቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፣ እንድቀዳላቸው። "ቶሊብ" አሉ፣ "መኪናህን አጥፋው። እስካሁን ሲነድ እሰማዋለሁ።"

ወጥተው አጠፉት። ሲመለሱ በሩን ራሳቸው ዘጉ።

ከሰዓት ዘጠኝ። ግቢው −13። የእንግዳው ክፍል 2። የእማማ ክፍል 21። በሩ ተዘግቷል።